ካርቦን በርሜል ቀላል የአደን ጠመንጃ ላይ ያዋጣል? ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የአሜሪካን የተራራ አደን ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ይህን በርሜል ሳታዩት አልቀራችሁም። ወፈር ያለ፣ ጥቁር፣ ላዩ ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት የሚመስል። ካርቦን ፋይበር ነው። ጥሩ ከሚባል የብረት በርሜል ጋር ሲተያይ እንኳ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ዶላር ይበልጣል። "ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አይስትም" እየተባለ ይሸጣል።

ኮሎራዶ፣ ዋሽንግተን ስቴት ወይም ሚኒሶታ ሆናችሁ መኸር ሲመጣ ለአጋዘን ወይም ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) የምትወጡ ከሆነ ጥያቄው የኪሳችሁ ጥያቄ ነው። የኪስ ብቻም አይደለም። በርሜል ላይ የጠፋ ገንዘብ ለልምምድ ጥይት ሳይተርፍ ሲቀር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ቆስሎ ጫካ የሚገባው እንስሳ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ቃል አንድ በአንድ እንፈትሻቸዋለን።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ካርቦን ከባዱን በርሜል ያቀላል፣ ቀላሉን በርሜል ግን ከዚያ በላይ አያቀልም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ረጅሙን መልስ ለሚፈልግ እንቀጥል።

ካርቦን በርሜል ምንድነው?

በርሜል ስንል ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል ጀምሮ እስከ አፈሙዙ ያለውን ረጅም ቱቦ ማለታችን ነው። "ካርቦን በርሜል" ሲባል ሙሉ በሙሉ ከካርቦን የተሠራ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ውስጡ ብረት ነው። እርሳሱን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ መስመሮች ያሉት፣ የባሩዱን ግፊት የሚሸከመው ያው የብረት ቱቦ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የብረት በርሜል ይወሰድና ውጩ እየተላገ ይቀጥናል። ከዚያ በሙጫ የተነከረ የካርቦን ክር ይጠመጠምበትና እንዲደርቅ ይደረጋል። በመጨረሻ ላዩ ይስተካከላል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ከመጠምጠም ይልቅ የተዘጋጀ የካርቦን እጅጌ ብረቱ ላይ አጥልቀው ከጫፉ ያጠብቁታል።

ቴክኖሎጂው ትናንት የመጣ አይደለም። ዩታ የሚገኘው ክሪስተንሰን አርምስ የተመሠረተው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ መሥራቹ ሮላንድ ክሪስተንሰን ቀድሞ በካርቦን ፋይበር ሰው ሠራሽ እግር ላይ ሲሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ሌላው ስመ ጥር አምራች ፕሩፍ ሪሰርች ሞንታና ውስጥ ኮሎምቢያ ፎልስ ይገኛል። ዛሬ ብዙ የጠመንጃ ፋብሪካዎች ቢያንስ አንድ የካርቦን ሞዴል አላቸው።

የመጀመሪያው ቃል፦ "ቀላል ነው"

እውነት ነው፤ ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.8 ግራም ገደማ ይመዝናል። የካርቦንና ሙጫ ውህዱ 1.6 ግራም ገደማ ነው። አምስት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ካርቦን በርሜል የብረቱን አንድ አምስተኛ የሚመዝን ሊመስለው ይችላል። ግን ውስጡ ብረት መሆኑን አንርሳ። በዚያ ላይ ካርቦኑ ወፍራም ሆኖ ነው የሚጠመጠመው።

24 ኢንች (61 ሴንቲ ሜትር) የሆኑ በርሜሎችን በግምት እናስቀምጣቸው፦

▪ ቀጭን የተራራ ብረት በርሜል፦ ከ1.1 እስከ 1.2 ኪሎ
▪ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ጎኑ ላይ ክብደት ለመቀነስ ቦይ የወጣለት ብረት፦ 1.4 ኪሎ አካባቢ
▪ ወፍራም የኢላማ ብረት በርሜል፦ 2.2 ኪሎ አካባቢ
▪ ካርቦን በርሜል፦ ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ

አያችሁት? ከወፍራሙ ብረት ጋር ሲተያይ ካርቦኑ አንድ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከቀጭኑ ብረት ጋር ሲተያይ ግን ወይ እኩል ነው፣ ወይ ትንሽ ይከብዳል። አሁን እጃችሁ ያለው ጠመንጃ ቀጭን በርሜል ያለው ከሆነ 900 ዶላር ከፍላችሁ ካርቦን ስታስገጥሙ ጠመንጃው ሊከብድ ይችላል ማለት ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ ገበያ ላይ የነበሩ ቀላል ጠመንጃዎችን እንይ። ኪምበር ያወጣው "ማውንቴን አሰንት" የሚባለው ሞዴል በአጭሩ ዓይነት 2.2 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በርሜሉ ቀጭን ብረት ነው። ከዚያም በፊት በ1980ዎቹ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሜልቪን ፎርብስ የሚባል ጠመንጃ ሠሪ "አልትራ ላይት አርምስ" በሚል ስም 2.3 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ጠመንጃ ይሠራ ነበር። የእሱም በርሜል ብረት ነው። ክብደቱን የቀነሰው በሌላ ቦታ ነው፤ በተለይ ሰደፉን ከኬቭላርና ከካርቦን በመሥራት።

ሁለተኛው ቃል፦ "ቶሎ ይቀዘቅዛል"

ይህ ከሦስቱ በጣም አሳሳቹ ነው።

ብዙ ከተተኮሰ በኋላ ካርቦን በርሜልን በእጅ ሲነኩት ከብረቱ ያነሰ ትኩስ ሊመስል ይችላል። ሰው "በቃ፣ ቀዝቅዟል" ይላል። ነገሩ ግን ቴርሞስ ነው። የቴርሞስ ውጩ ቀዝቃዛ የሆነው ውስጡ ያለው ሻይ ስለቀዘቀዘ አይደለም፤ ሙቀቱ መውጫ ስላጣ ነው።

በተለመደው የካርቦንና ሙጫ ውህድ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ክሮቹን አቋርጦ ሲሄድ በጣም ቀስ ብሎ ነው። ለበርሜል የሚውለው ብረት በዚያ አቅጣጫ ሙቀትን ከ20 እጥፍ በላይ በተሻለ ያስተላልፋል። አንዳንድ አምራቾች ሙቀት በደንብ የሚያስተላልፍ ክርና ሙጫ እንጠቀማለን ይላሉ፤ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፣ ግን ካርቦኑን ብረት አያደርገውም። ሌላም ነገር አለ፦ ውስጥ ያለው ብረት ከወፍራሙ በርሜል ብረት ያነሰ ስለሆነ በተመሳሳይ የጥይት ብዛት ቶሎ ይግላል።

ይህ ለአዳኝ ያሳስባል? እውነቱን ለመናገር ብዙም አያሳስብም። አዳኝ ተራራ ላይ የሚተኩሰው 1 ጥይት፣ ቢበዛ 2 ወይም 3 ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ደግሞ የምትወጣው ከቀዘቀዘ በርሜል ነው። ሙቀት ጉዳይ የሚሆነው ኢላማ ሜዳ ላይ 10 እና 15 ጥይት ተከታትሎ ለሚተኩስ ሰው ነው።

ስለዚህ ለአንድ ጥይት አዳኝ "ቶሎ ይቀዘቅዛል" የሚለው ማስታወቂያ እውነት ቢሆንም እንኳ የማይጠቀምበትን ነገር እየገዛ ነው። በርሜሉ የሚያረጀው ጥይቱ ከጎረሰበት ክፍል ፊት ለፊት ያለው ብረት በባሩዱ እሳት እየተበላ ሲሄድ መሆኑንም አንርሳ። ካርቦኑ ያለው ውጭ ነው፤ ይህን አያድንም። ሙጫውም ቢሆን ከተወሰነ ሙቀት በላይ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ኢላማ ሜዳ ላይ እረፍት ስጡት።

ሦስተኛው ቃል፦ "አይስትም"

እዚህ ላይ ካርቦኑ እውነተኛ ክርክር አለው። ጠመንጃ ሲተኮስ በርሜሉ እንደተመታ ዘንግ ይንቀጠቀጣል። ጠንካራ፣ የማይታጠፍ በርሜል ንቅናቄው ትንሽ ነው። የአንድ ክብ ዘንግ አለመታጠፍ የሚያድገው ደግሞ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ጥንካሬው 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ተኩል ጊዜ ቢወፍር 5 እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

የካርቦን በርሜል ዋና ሚስጥሩ ይህ ነው፦ በቀጭኑ በርሜል ክብደት የወፍራሙን ቅርጽ ይሰጣችኋል። ሙሉውን ቁጥር ግን አትቁጠሩ። የካርቦን ክር የሚጠነክረው በርዝመቱ አቅጣጫ ነው፤ በርሜል ላይ ደግሞ በተለያየ ማዕዘን ነው የሚጠመጠመው። ስለዚህ ውህዱ በአማካይ ከብረት በላይ ይተጣጠፋል፤ ከውፍረቱ የሚገኘው ጥቅም የተወሰነው እዚያ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ በደንብ የተሠራ ካርቦን በርሜል ከቀጭን ብረት ይልቅ ተከታታይ ጥይት ላይ ይረጋጋል። ቀጭን ብረት ሲግል ጥይቶቹ ኢላማው ላይ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን መሸሽ ይጀምራሉ፤ በተለይ በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ የቀረ ውጥረት ካለ።

"በደንብ የተሠራ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ የካርቦን ክር በርዝመቱ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ተጣብቀው ሲኖሩ ይጓተታሉ። ጥሩ አምራች የክሩን ማዕዘንና ሙጫውን አስቦ ይህን ያስታርቃል። ርካሹ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ሊጎድል ይችላል።

አሁን ወደ ሜዳ እንውረድ። 300 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት በ13 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚሰበስብ ጠመንጃ አላችሁ እንበል። ካርቦኑ ይህን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ቢያወርድላችሁ ልዩነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። የኤልክ የልብና የሳንባ ቦታ ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ተራራ ወጥታችሁ፣ ልባችሁ እየደለቀ፣ ቦርሳ ላይ ደግፋችሁ ስታነጣጥሩ የምትስቱት በ4 ሴንቲ ሜትር አይደለም። የምትስቱት በትንፋሽ፣ በንፋስ ግምትና ቃታ በመንጨት ነው። እሱን ደግሞ የሚያስተካክለው ልምምድ ነው።

የቀላል ጠመንጃ ሌላው ዋጋ

ቀላል ጠመንጃ ይራገጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በአንድ ዓይነት ጥይት የ4 ኪሎ ጠመንጃ ወደ 3 ኪሎ ቢወርድ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ርግጫ የፈራ ተኳሽ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል። ያኔ የበርሜሉ ዓይነት ምንም ዋጋ የለውም።

ሚዛንም አለ። በጣም ቀጭን በርሜል ያለው ጠመንጃ አፈሙዙ ላባ ስለሚሆን ሲያነጣጥሩበት ይንቀዋለላል። ካርቦን በርሜል ክብደቱ ከፊት ትንሽ ያዝ ስለሚያደርግ አንዳንድ ሰው በእሱ መተኮስ ይቀለዋል። ይህ በቁጥር የሚገለጽ ሳይሆን በእጅ ተይዞ የሚታወቅ ነገር ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ሁለቱንም ያዟቸው።

ድምፅ ማፈኛ ለሚጠቀሙ ነገሩ ይለያል

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በድምፅ ማፈኛ ማደን ይፈቀዳል። ለማፈኛ ይከፈል የነበረው 200 ዶላር የፌዴራል ታክስም ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ወደ 0 ወርዷል፤ ምዝገባውና ማጣሪያው ግን እንዳለ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ አዳኝ አፈሙዙ ላይ ከ300 እስከ 500 ግራም የሚመዝን ነገር ማሰር ጀምሯል።

ቀጭን በርሜል እዚህ ላይ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ሲንጠለጠልበት የበለጠ ይንቀጠቀጣል፤ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታም በግልጽ ሊቀየር ይችላል። ሁለተኛ፣ ለአደን ጠመንጃ ማፈኛ በጣም የተለመደው ጥርስ 5/8 ኢንች ማለትም 15.9 ሚሊ ሜትር ነው። በጣም ቀጭን በርሜል ደግሞ አፈሙዙ ከ14 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ የሚወጣበት ብረት የለም ማለት ነው።

ካርቦን በርሜል ብዙ ጊዜ ይህ ጥርስ ወጥቶለት ነው የሚመጣው፤ ጫፉም ጠንካራ ነው። ከ18 እስከ 20 ኢንች አጭር ካርቦን በርሜል ከማፈኛ ጋር ለተራራ አደን በጣም የሚስማማ ነው። በእኛ እይታ ለካርቦን ገንዘብ ማውጣት ከሁሉም በላይ ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት ማወቅ ያለባችሁ ገደቦች

▪ አጠረ ረዘመ አይባልም። የፊት ጫፉ ላይ ካርቦኑን የሚይዝ የብረት ክፍል ስላለ እንደ ተራ ብረት በርሜል ከፈለጋችሁበት ቦታ ማስቆረጥ አትችሉም። ርዝመቱን ስትገዙ ወስኑ።
▪ ወፍራም ስለሆነ ሰደፉ ላይ ያለው የበርሜል ቦይ ላይበቃው ይችላል። ሰደፍ ማስፋት ወይም መቀየር ተጨማሪ ወጪ ነው።
▪ ላዩ ሲላጥ ወይም ሲመታ እንደ ብረት ዝም ብሎ ተቦርሾ አይታለፍም። ጠለቅ ያለ ጉዳት ካየችሁ ሳትተኩሱ ለባለሙያ አሳዩ።
▪ የካርቦን መልክ ያለው ቀለም ወይም ሽፋን ብቻ የተቀባም ዕቃ አለ። የበርሜሉን ክብደት ጠይቁ። ወፍራም ሆኖ 2 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ የገዛችሁት ብረት ነው።

በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ይገዛል?

ጭማሪው 500 ዶላር ነው ብለን እናስብ። ዓላማችሁ ክብደት መቀነስ ከሆነ ከበርሜሉ በፊት የሚታዩ ቦታዎች አሉ።

1. መነጽር፦ ትልልቆቹ የረጅም ርቀት መነጽሮች ከነማሰሪያቸው ወደ 1 ኪሎ ይጠጋሉ። ጥሩ ቀላል መነጽር ደግሞ 400 ግራም አካባቢ ነው። ግማሽ ኪሎ እዚህ አለ፤ አንዳንዴም ገንዘብ እየተረፋችሁ።

2. ሰደፍ፦ የፋብሪካ ፕላስቲክ ሰደፍ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የካርቦን ፋይበር ሰደፍ ከ600 እስከ 800 ግራም ነው። አይቀመስም፣ ውድ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ካርቦኑ ከፋብሪካው ፕላስቲክ ሰደፍ ጋር ሲተያይ በትክክል ይቀላል።

3. አጭር በርሜል፦ ከ24 ኢንች ወደ 20 መውረድ ክብደት ይቀንሳል። የምታጡት ፍጥነት በየኢንቹ በግምት ከ6 እስከ 9 ሜትር በሰከንድ ነው። 300 ሜትር ውስጥ ለሚተኩስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም።

4. ጥይት፦ የአደን ጥይት ዛሬ አንዱ ከ2 እስከ 3 ዶላር ነው። 500 ዶላር 200 ጥይት ገደማ ይገዛል። ከአደኑ በፊት 200 ጥይት በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ቦርሳ ተደግፋችሁ የተለማመዳችሁ ከሆነ ምንም በርሜል የማይሰጣችሁን ነገር አገኛችሁ።

ታዲያ ለማን ያዋጣል?

ያዋጣል፦
▪ ወፍራም በርሜል ያለው ጠመንጃ ይዞ ተራራ መውጣት ለሰለቸው፣ የተኩስ ጥራቱን ግን ማጣት ለማይፈልግ
▪ በድምፅ ማፈኛ ለሚያድን
▪ አንዱን ጠመንጃ በጋ ኢላማ ሜዳ፣ መኸር ተራራ ላይ ለሚጠቀምበት
▪ መነጽሩን፣ ሰደፉንና ጥይቱን ጨርሶ ገንዘብ ለተረፈው

አያዋጣም፦
▪ ቀጭን ብረት በርሜል ኖሮት፣ በሚፈልገው ርቀት እየመታበት ላለ
▪ ከመኪናው ብዙ ሳይርቅ ወይም ማማ ላይ ተቀምጦ ለሚያድን
▪ በዓመት አንድ ካርቶን ጥይት ብቻ ለሚተኩስ
▪ የመጀመሪያ ጠመንጃውን ለሚገዛ

ለጀማሪ አንድ ነገር እንጨምር። ኮሎራዶ ውስጥ ከጃንዋሪ 1፣ 1949 ወዲህ የተወለደ ማንኛውም ሰው የአደን ፈቃድ ለማውጣት የአዳኞች ትምህርት መውሰድ አለበት። ሌሎቹ ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ከጠመንጃው በፊት ኮርሱ ይቅደም።

አገር ቤት ላላችሁ፦ ጉዳዩ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ጋርም ይገናኛል። የደጋ አጋዘንን በመንግሥት ፈቃድ ለማደን የሚመጡ የውጭ አዳኞች ከ3000 ሜትር በላይ ሲወጡ ይህንኑ የኪሎና የትንፋሽ ሒሳብ ነው የሚያሰሉት። እኛ ጋ የጦር መሣሪያ መያዝ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሆነ ያለ ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም።

እንግዲህ ለመወሰን የሻንጣ ሚዛን አውጡ። ጠመንጃችሁን ከነመነጽሩ መዝኑት። ከዚያ የበርሜሉን አፈሙዝ ውፍረት ለኩ። ወፍራም ከሆነና ክብደቱ ካስቸገራችሁ ካርቦኑን አስቡበት። ቀጭን ከሆነ ገንዘቡን ጥይት ግዙበትና ኢላማ ሜዳ ውረዱ።

ጠመንጃ ሊገዛ እያሰበ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንጠብቃለን።